«ማን ነገረህ?»



ከእኔ እኩዮች መካከል የሸይኽ አሕመድን ወረቀት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በመዲና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ አገልጋይ ናቸው የተባሉ ሸይኽ አሕመድ የሚባሉ ሰው ነቢዩን በሕልማቸው እንዳዩ፣ ለሙስሊሙ ሕዝብም ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንደተነገራቸው የሚያወራ ወረቀት ነው። ግርጌው ላይ ደግሞ ገልብጦ ላደለው ሰው ሪዝቁ እንደሚሰፋለት፣ ዕዳው እንደሚከፈልለት፣ ንቆ ለተወው ግን ልጁ እንደሚሞትበት ይናገራል። ይህ ወረቀት እኛ ሠፈር ቁስቋም ሲደርስ እኔ ልጅ ነበርኩ። ለፎቶ ኮፒ የሚከፈል ገንዘብ በቤታችን ስላልነበረ እናቴ አንድ ደብተር ገዝታ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ፣ ከዒሻእም በኋላ በኩራዝ፣ ሠላሳ ጊዜ በእጄ አስገለበጠችኝ። ስንጨርስ ወደ ሽሮ ሜዳ ወርደን ለምናውቃቸው ሁሉ አደልን። እናቴን አልወቅሳትም፣ አላህ ይዘንላትና። ወረቀቱ ይሞታል የሚለው ልጅ እኔ ነበርኩ።

በኋላ፣ አድጌ ኪታብ መግለጥ ስጀምር፣ ወረቀቱ ከእናቴም በዕድሜ የሚበልጥ ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1935 የሞቱት ረሺድ ሪዳ ግብፅ ውስጥ ያዘጋጁት በነበረው «አል-መናር» መጽሔት ላይ ስለዚሁ ነገር ተጠይቀው ሲመልሱ፣ ገና ፊደል ከሚቆጥሩበት ጊዜ ጀምሮ ደጋግመው እንዳዩት ጽፈዋል። የሳዑዲው ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ ቢን ባዝም ሐሰትነቱን የሚያስረዳ ጽሑፍ አውጥተዋል። እስቲ ቁጠሩት! አንድ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ መስጊድ አገልጋይነት ተቀምጦ፣ በየጊዜው ያንኑ ሕልም እያየ! ይህን ለመጠርጠር ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር። ከሠፈራችን አንድ ሰው «ይህን ማን ነገረህ? ለእሱስ ማን ነገረው?» ብሎ ቢጠይቅ ወረቀቱ ከእኛ በር ባላለፈ ነበር። ያን ጊዜ ግን የጠየቀ አልነበረም። ቁርኣን የሚያስቀሩን አስተማሪም አልጠየቁም።

ዛሬ ኩራዙም ደብተሩም የለም። ወረቀቱ ልብሱን ቀይሮ በቴሌግራም ይመጣል። «ለሃያ ሰው ላክ፣ እስከ ነገ የምሥራች ትሰማለህ» ይላል። የሚልኩልኝም ያልተማሩ ሰዎች አይደሉም። የሐዲስን ደረጃዎች፣ ሶሒሑን፣ ሐሰኑን፣ ዶዒፉን፣ መውዱዑን፣ በቃላቸው የሚያነበንቡልኝ፣ እኔው ራሴ ያስተማርኳቸው ልጆች ጭምር ናቸው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው። ወቀሳዬ በቴሌግራም ላይ አይደለም። በእኛ በአስተማሪዎች ላይ ነው፤ ከእነዚያም መካከል የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ጥፋቴን ልናገር። በየዓመቱ የመድረሳችንን ትምህርት ስከፍት፣ ዕውቀትን ቻይና ድረስ ተጉዛችሁም ቢሆን ፈልጉ የሚለውን ንግግር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረውታል እያልኩ እጀምር ነበር። ያማረ ንግግር ነው፣ ልጆችም ይወዱታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ «ኡስታዝ፣ ይህ ሐዲስ በየትኛው ኪታብ ነው ያለው?» አለችኝ። ምን ልመልስ? «ቁጭ በይ፣ በኪታብ ያለ ነገር ነው» አልኳት። ቁጭ አለች። ሌሎቹም ሁለተኛ እንዳይጠይቁ ያን ቀን ተማሩ።

ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ያሉኝን ኪታቦች አወረድኩ። በይሀቂ ንግግሩ የታወቀ ቢሆንም ኢስናዱ ደካማ ነው ብለዋል። ኢብኑል ጀውዚ ደግሞ የተፈበረኩ ሐዲሶችን በሰበሰቡበት መጽሐፋቸው ውስጥ አስገብተውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሆን ብሎ በእርሳቸው ላይ የዋሸ ሰው መቀመጫውን በእሳት ውስጥ እንዲያዘጋጅ ማስጠንቀቃቸውን እኔው ነኝ ለልጆቹ የማስተምረው። እኔ ሆን ብዬ አልዋሸሁም። ግን ሳላጣራ ስንት ዓመት ተናገርኩ? በሚቀጥለው ቅዳሜ በክፍሉ ፊት ቆሜ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኋት። አንዳንድ ወላጆች ይህን ሰምተው ኡስታዝ ክብሩን ጣለ አሉ። ይበሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህን ዕውቀት ከውጭ የምንዋሰው አለመሆኑ ነው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) አመፀኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት እንድናጣራ ያዘናል። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚተርኩት ነገሩ የወረደው ወሊድ ኢብኑ ዑቅባ ከበኑ ሙስጦሊቅ ጎሣ ዘካ እንዲያመጣ ተልኮ፣ ከመንገድ ተመልሶ «ዘካውን ከለከሉ፣ ሊገድሉኝም ፈለጉ» ባለ ጊዜ ነው። ሰዎቹ የወጡት ግን ሊቀበሉት ነበር። በአንድ ሰው ፍርሃት ሳቢያ ጦር ሊነሣ ጥቂት ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

የሐዲስ ሊቃውንት በዚህ ትእዛዝ ላይ አንድ ሙሉ ዕውቀት ገነቡ። ጀርሕ ወተዕዲል ይባላል። ማን ከማን ሰማ? በእርግጥ ተገናኝተው ነበር ወይ? በአንድ ዘመን ኖረዋል ወይ? ትዝታው እንዴት ነበር? በሽምግልናው ጊዜ ተምታታበት ወይ? እያሉ የሺዎችን ሰዎች ሕይወት መረመሩ። በጣም የሚደንቀኝ ደግሞ የሰውየው ደግነት ብቻ እንዳላረካቸው ነው። ኢማሙ ማሊክ በመዲና መስጊድ ውስጥ የሕዝብ ግምጃ ቤት ቢሰጣቸው የማይከዱ ብዙ ሰዎች አግኝተው፣ ይህን ሙያ የያዙ ስላልነበሩ ከእነሱ ሐዲስ እንዳልወሰዱ ይነገራል። ኢማሙ ሙስሊምም በሶሒሓቸው መግቢያ ላይ፣ ደጋግ ሰዎች ሳያስቡት ሐሰት በምላሳቸው ላይ እንደሚሮጥ የሚያመለክት ነገር አስፍረዋል። እናቴ ደግ ሰው ነበረች። ወረቀቱን የሰጠቻት ጎረቤታችንም ደግ ሰው ነበረች።

እኛ ይህን ሁሉ ምን አደረግነው? የሚሸመደድ ዝርዝር አደረግነው። ልጁ የዶዒፍ ሐዲስን ትርጉም በዐረብኛ ይወጣዋል። አንድ ሐዲስ ሰጥታችሁት «ይህስ?» ብትሉት ግን ያያችኋል። ባለፈው አንድ ተማሪዬ የቤት ሥራውን በስልኩ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠርቶ አመጣ። ሐዲሱ ጥሩ ነበር፣ ከሥሩም ቡኻሪ ተብሎ ቁጥር ተጽፎበታል። ኪታቡን ከፍተን ቁጥሩን ብንፈልግ ፈጽሞ ስለ ሌላ ጉዳይ የሚናገር ሐዲስ አገኘን። ልጁ በጣም ተገረመ፤ «ኡስታዝ፣ ግን ቁጥር አለው እኮ!» አለኝ። ቁጥር ያለው ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል። እንደዚያ ያስተማርነው ደግሞ እኛው ነን።

የመንግሥት ትምህርት ቤቱም ከእኛ አይሻልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ መሆናቸው በ2015 ዓ.ም. ሲነገር አገር ደነገጠ። አንድ ልጅ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። እኔም ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ትልልቆቹን ተማሪዎቼን «ይህ ምን ይነግራችኋል?» አልኳቸው። አንዱ ተማሪው ሰነፈ አለ፣ ሌላው ፈተናው ከበደ አለ፣ ሦስተኛው ጥፋቱን በመንግሥት ላይ ጣለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ብቻ «ካቻምና ስንት ነበር? የሚለካውስ በዚሁ መለኪያ ነበር?» አለ። ጥያቄ ማለት ይህ ነው! ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ የሚወሰን ነበር፣ ፈተናውም በየአካባቢው ይሰጥ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ተፈተኑ፣ ግማሽ ነጥብም ማለፊያ ሆነ። ስለዚህ ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ በድንገት ደነቆሩ ለማለት ያ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ምናልባት የነገረን ነገር የቆየና የተሸፈነ ነበር። ያ ልጅ ግን በትምህርት ቤቱ ረባሽ የሚባል ልጅ ነው፤ ጥያቄ ያበዛል ተብሎ።

ይህ በሽታ የእኛ አገር ብቻም የዛሬ ብቻም አይደለም። ኢብኑ ኸልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፉት «ሙቀዲማ» ላይ በዘመናቸው የነበሩትን የሞሮኮ ተማሪዎች ሲገልጹ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በደርስ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ሳይከራከሩ፣ ለሽምደዳ ብቻ ሲደክሙ እንደሚኖሩ ይናገራሉ። በዚያ አገር ተማሪ በመድረሳ የሚቆይበት ዘመን 16 ዓመት፣ በቱኒስ ግን 5 ዓመት እንደነበር ጽፈው፣ የዚያን ርዝመት ምክንያት ከማስተማር ዘዴው ደካማነት ጋር ያያይዙታል። ዕውቀት ቶሎ የሚጨበጠው በመነጋገርና በመከራከር ነው ባይ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው በዚያው መጽሐፍ መግቢያ ላይ የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ሠራዊት ከ600,000 በላይ ነበር የሚለውን መስዑዲ የዘገበውን ወሬ ሲመረምሩ፣ ምድሪቱ ያን ያህል ሠራዊት ትችላለች ወይ? ይህን የሚያህል ሰልፍ ዳር ያለው ከዳር ያለውን ሳያይ እንዴት ይዋጋል? ከነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) እስከ ነቢዩ ሙሳ ባለው ትውልድ ውስጥ ሕዝቡ ይህን ያህል ሊበዛ ይችላል ወይ? ብለው ጠየቁ። የነገረህን ሰው መመርመር አንድ ነገር ነው። ነገሩ ራሱ በዓለም ላይ ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ መመርመር ሁለተኛ ነገር ነው። ልጆቻችን ሁለቱንም ይፈልጋሉ።

የእኛም አባቶች በዝምታ አልተማሩም። ቂርኣታቸውን ወሎ ላይ የጨረሱት የእኔ ሸይኽ፣ ደረሶች ወደ ሸይኹ ከመቅረባቸው በፊት እርስ በርስ ተቀምጠው የሚያደርጉትን ሙጣለዓ እየሳቁ ያወሩን ነበር። አንዱ ሲያነብ ሌላው ያቋርጠዋል፣ በአንዲት ኢዕራብ ላይ እስከ ሌሊት ይሟገታሉ። እኛ አዲስ አበባ ስንገባ ሰሌዳውንና ዱላውን ይዘን መጣን መሰለኝ፣ ሙጣለዓውን መንገድ ላይ ጣልነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ የአስተማሪዎች ጭቅጭቅ ብቻ መስሎህ ገጹን እንዳትገልጥብኝ። ወሬን ያለማጣራት ዋጋ በደም ሲከፈል አይተናል። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም በተባለች ከተማ፣ ለጤና ጥናት የሄዱ ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን በክትባት ስም ሊመርዙ መጡ» በሚል ወሬ በተቆጣ ሕዝብ ተከበው ሁለቱ ተገደሉ። የአገራችን ልጆች ነበሩ። የሄዱትም ለልጆች ጤና ነበር። የገደላቸው ሕዝብ ክፉ ነው ብዬ አላምንም። ልጁ ይሞትበታል የተባለ አባት ምን እንደሚሆን ከእናቴ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል «ይህን ማን አየ? የታመመው ልጅ የት አለ? እስቲ አምጡት» የሚል፣ ቢልም የሚሰማ፣ አልተገኘም።

እኛ ሙስሊሞችማ የወሬ እሳት ምን እንደሚበላ ከሞጣ እናውቃለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. መስጊዶቻችን ሲቃጠሉ፣ የሙስሊም ሱቆችም ሲዘረፉ፣ አስቀድሞ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ የሚል ነገር ሲወራ እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል። ይህን ስናገር ሁላችሁም ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። የሚቀጥለውን ስናገርም አብራችሁኝ ሁኑ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ተገደሉ። በዚያው ሰሞን ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን ጎንደር ላይ ምን አደረገ? ምንም። «እነሱ» የምትል አንዲት ቃል ግን ከጎንደር ወራቤ ያለውን መንገድ ሁሉ ጠቅልላ አንድ አደረገችው። ልጅን ማሰብ ማስተማር ማለት በሐዲስና በቁጥር ላይ ብቻ አይደለም። «እነሱ» ሲባል «እነማን? ስንቱ? ስማቸው ማን ነው?» እንዲል ማስተማር ጭምር ነው። ይህ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ልጁ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው እኛን ነው፣ በእራት ላይ።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «ይህን ካስተማርካቸው አደብ ይጠፋል፣ ነገ ደግሞ በዲናቸው ላይ መጠየቅ ይጀምራሉ» ይሉኛል። ሥጋታቸውን አልንቀውም። እንደ ዶሮ ሁሉን እየጫረ የሚሄድ፣ የሚጠይቀው ለመርታት ብቻ የሆነ ልጅ እኔም አይቻለሁ፤ አያስደስትም። ነገር ግን የሐዲስ ሊቃውንት ሁሉን ሲመረምሩ አደባቸው ጠፋ እንዴ? ኢማሙ ማሊክ አርባ ስምንት ጥያቄ ቀርቦላቸው ሠላሳ ሁለቱን «አላውቅም» ብለው መመለሳቸው የታወቀ ነው። «አላውቅም» ማለት የቻለ ሰው ነው አደብ ያለው። ደግሞስ፣ በእኛ ፊት ያልጠየቀ ልጅ የትም አይጠይቅም ማለት ነው? ለስልኩ ይጠይቃል። ስልኩ ደግሞ «አላውቅም» ሲል እስካሁን ብዙም አልሰማሁትም።

እንግዲህ ዘንድሮ ያደረግሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። ለልጆቹ «ሠፈራችን ለምን ቁስቋም ተባለ? ጠይቃችሁ ኑ፤ ግን ማን እንደነገራችሁና እሱ ከማን እንደሰማው ጻፉ» አልኳቸው። ሁሉም የሚኖሩበት ስም ነው፣ አንዳቸውም ግን ጠይቀው አያውቁም። አንዱ የሰው ስም ነው ብሎ መጣ። አንዱ ከስልክ ላይ ቀዳ፣ ምንጩን ግን አልጻፈም፤ ዜሮ ሰጠሁት። ያቺ ስለ ቻይናው ሐዲስ የጠየቀችኝ ልጅ ታናሽ እህት ጎረቤታቸው ወዳሉ አንዲት እናት ሄዳ ኖሯል። እሳቸውም በክርስቲያኖች ዘንድ መርየም (ዐ.ሰ) ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበት ቦታ ስም እንደሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በዚያ እንደተሰየመ፣ በዓሉም ኅዳር 6 ቀን እንደሚውል፣ ይህንንም ከአባታቸው እንደሰሙ ነገሯት። ደብተሯ ላይ «እማማ ከአባታቸው» ብላ ኢስናዱን ጽፋለች። ትክክል ነበሩ። ቁስቋም ዛሬም በላይኛው ግብፅ አስዩጥ አጠገብ ገዳም ያለበት ስፍራ ነው፤ ጎንደርም ላይ እቴጌ ምንትዋብ በዚያው ስም ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። ልጅቷ ከእማማ ቤት ዳቦ በልታ መምጣቷንም ጽፋለች። ይህን ባትጽፈውም ነጥቧ አይቀነስም ነበር።

አንድ ልጅ ደግሞ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስቱም የማይገናኝ ነገር ነገሩኝ፣ ስለዚህ አላውቅም ይላል። የሦስቱን ሰዎች ማንነት በጥንቃቄ ዘርዝሯል። አሥር ከአሥር ሰጠሁት። በነጋታው አባቱ ደብተሩን ይዞ መጣ። «ኡስታዝ፣ ልጄ አላውቅም ብሎ ጽፎ ነው አሥር ከአሥር የሰጡት? እኔ የምከፍለው እንዲያውቅ ነው» አለኝ። ሻይ አቀረብኩለት። የኢማሙ ማሊክን ነገር ነገርኩት። ሻዩን ጠጣ፣ «እሳቸው ኢማም ናቸው፣ ይህ ግን ገና ስድስተኛ ክፍል ነው» ብሎ ሄደ። አሁንም እንዳላሳመንኩት አውቃለሁ።

ለዚህ ሳምንት የሰጠሁት ሥራ ከቤት ስልክ ላይ አንድ የተላለፈ መልእክት መርጦ፣ ላኪውን፣ የላኪውን ላኪ፣ እስከሚቻለው ድረስ ወደ ኋላ እየተከተሉ መሄድ ነው። የቁስቋም ወላጆች ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል አትጠፉም። ልጃችሁ ደብተር ይዞ ከፊታችሁ ተቀምጦ «አባዬ፣ ይህን ማን ላከልህ? እሱስ ከማን አገኘው?» ቢላችሁ አትቆጡት። የላክሁት እኔ ነኝ፤ መልሱንም እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ።